የታጠቡ ምስክሮች

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ «ቅጠል እለቅማለሁ» ብዬ መመለስ የጀመርኩት ሸዋ ሮቢት በገባሁ ሰሞን ነው። መጀመሪያ ላይ በወጉ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። የፋብሪካ አመድ ውስጥ ጨረራ የሚባል ነገር ሊኖር እንደሚችል፣ ጨረራ እንደማይታይና እንደማይሸት፣ ስለዚህ በአካባቢው በበቀለ የዱር ተክል ላይ እንደሚፈለግ ስናገር ሰው ዓይን ዓይኔን እያየ ይሰማኝና መጨረሻ ላይ «ታዲያ ቅጠሉ ለምን ይጠቅማል? ለጨጓራ?» ይለኛል። ተውኩት። ቅጠል ለቃሚ ሆንኩ። አንዱ የባጃጅ ሹፌር ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መስተፋቅር እንዳለኝ ጠየቀኝ። «ቢኖረኝ ብቻዬን ባጃጅህ ውስጥ እቀመጥ ነበር?» አልኩት። ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ክፍሌ ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን ነገሩ ያን ያህል አላሳቀኝም።

የተከራየኋት ክፍል ከአስፋልቱ ጀርባ ነበረች፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ቬንትሌተር፣ አንድ ወንበር። አከራዬ ሌላ ወንበር ልጨምርልሽ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ «ለማን?» አልኳቸው። ክፉ አመል አለኝ፤ ደግ ነገር ሲቀርብልኝ ቀድሜ እነክሳለሁ። ወደ ቆላው የመጣሁትም በምርጫ አልነበረም። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ባል ያላት ባሏን፣ ልጅ ያለው ልጁን እያነሳ ሙቀቱን ሲሸሽ፣ ቤት የሚጠብቀኝ ሰው የሌለኝ እኔ ቀረሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ስልኬ የሚጮኸው ለካርድ ማስታወቂያ ነው።

አመዱ ያለው ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ ሲኬድ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ድንጋይ ከሰል ያነድ የነበረ ፋብሪካ ነበር፤ ሥራ ካቆመ ቆይቷል። ጥበቃውም ማሽኑም ሄዷል፣ አመዱ ግን ግራጫ ጉብታ ሆኖ እንደተከመረ ቀርቷል። በበጋ ንፋስ ሲነሳ ከጫፉ እየተገፈፈ ቁልቁል ይወርዳል። ድንጋይ ከሰል ሲነድ በተፈጥሮ ውስጡ የነበረው ጥቂት ጨረራ አመዱ ውስጥ ተሰብስቦ ይቀራል። አንዳንዱ አመድ ምንም አይል፤ አንዳንዱ ግን ዓመት ከዓመት ለሚተነፍሰው ሰው ደግ አይደለም። ይኼኛው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነበር የኔ ሥራ።

ለዚህ ደግሞ ከዱር ተክል የተሻለ ነገር የለም። ሽንኩርቱንና ማሾውን ገበሬው ያጠጣዋል፣ ያርመዋል፣ ሲደርስ ያነሳዋል። የዱሩ ቁጥቋጦ ግን በበቀለበት ይቆማል። ማንም አያጠጣውም፣ ማንም አይኮተኩተውም፣ ማንም አቧራውን አያራግፍለትም፤ መሬቱ የሰጠውን ይስባል፣ ንፋሱ ያመጣበትን ይሸከማል። እኔ የመረጥኩት ክትክታን ነው። ቅጠሉ ሙጫ ቢጤ ስላለው አቧራ ይይዛል፣ ፍየልም ብዙ አይደፍረውም። ከክምሩ ጀምሮ ንፋሱ በሚሄድበት መስመር ቁልቁል እየመረጥኩ ቀይ ጨርቅ አሰርኩባቸው። በየወሩ ከእያንዳንዱ ቅጠል ቆርጬ በወረቀት ከረጢት እይዛለሁ፤ ቅጠሉ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በዕቃ ታሽጎ አዲስ አበባ ወዳለው መለኪያ ይሄዳል። ለማነጻጸሪያ ደግሞ አመዱ ከማይደርስበት፣ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ክትክታ እቆርጣለሁ። ሥራው ይኸው ነው። ቀኑን ሙሉ አፌን ሳልከፍት የምውልበት ጊዜ ስለነበር ማታ አከራዬን «ደህና እደሩ» ስል ድምፄ ይሻክርብኛል።

በመስመሩ ውስጥ ሰው ያለበት ቤት አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር። ጎረቤቶቹ አንዱ ወደ ካራቆሬ፣ አንዱ ወደ አጣዬ፣ ዘመድ ወዳላቸው ሄደዋል። የቀሩት አንዲት አሮጊት ናቸው። ስማቸውን አልጠቅስም፤ እኔም እትዬ እንጂ ሌላ ብያቸው አላውቅም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሻሻቸውን አጥብቀው የሚያስሩ፣ ሙግት የሚወዱ ሴት ናቸው። በወጣትነታቸው በድንበር ጉዳይ ፍርድ ቤት ተመላልሰው ረትተው ያውቃሉ፤ ያንን ሲያወሩ ፊታቸው ይበራል።

በራቸው ላይ ባሉት ሁለት ክትክታዎች ጨርቅ ሳስር ወጥተው ቆሙ።

«ምን አጥፍተው ነው የምታስሪያቸው?» አሉኝ።

አስረዳኋቸው። ከሰው ሁሉ ቶሎ የገባቸው እሳቸው ናቸው። አመዱ ይጎዳ አይጎዳ እነዚህ ቅጠሎች ይመሰክራሉ ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ከመሰከሩብኝስ?»

«ከዚህ ያስነሱዎታል። አስፋልቱ አካባቢ ቤት ይሰጥዎታል።»

«አልነሳም።»

ለምን እንደማይነሱም ነገሩኝ። አንድ ልጃቸው በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ዐረብ አገር ሄዷል። ሲሄድ እቤቱ ውስጥ ስልክ አልነበረም። አንድ ጊዜ በጎረቤት ስልክ ደውሎ «ደርሻለሁ» ብሏቸዋል፤ ጎረቤቱ ስልኩን ይዞ አካባቢውን ለቀቀ፣ የልጁም ድምፅ ጠፋ። ሰዎች ለቅሶ ይቀመጡ ብለዋቸው ያውቃሉ። «ቁርጡን ሳላውቅ? ወላሂ አልቀመጥም» ብለው መልሰዋቸዋል። ልጁ የሚያውቀው ይኼን መንገድና ይኼን በር ነው።

«መጥቶ ሲያንኳኳ ሰው ካጣ ሞታለች ብሎ ይመለሳል» አሉኝ። «ሌላ ምንም አልፈልግ ልጄ። በሬ ላይ መገኘት ነው የምፈልገው።»

ስለዚህ ነገሩ ከዚያን ቀን ጀምሮ የታወቀ ነበር። ቅጠሎቹ ንጹሕ ከሆኑ እትዬ በራቸው ላይ ይቀራሉ፤ ካልሆኑ ይነሳሉ። እኔ ሚዛን ያዥ ነኝ፤ ሚዛን ያዥ ደግሞ ወዳጅ ማብዛት የለበትም ብዬ ራሴን አስጠነቀቅሁ። በሚቀጥለው ወር ስሄድ የማሾ ንፍሮ ብዪ አሉኝ፣ በላሁ።

ከዚያ ወዲህ መስመሩን ሁሉ ጨርሼ እሳቸው ጋ ማሳረግ ልማዴ ሆነ። «የኛን ሥጋ አትበዪም፣ እኔም ያንቺን አልበላም፤ ማሾ ግን ሃይማኖት የለውም» ይሉኛል ሳህኑን ሲያቀርቡ። እሳቸው ስለ ዳኞችና ስለ ጠበቆች፣ አንዳንዴም ስለ ልጃቸው ያወራሉ፤ እኔ እበላለሁ። አንድ ቀን «አንቺን ማን ይጠብቅሻል?» አሉኝ። «አከራዬ፣ ወር ሲደርስ» አልኳቸው። አልሳቁም። ሳህኔ ላይ ማሾ ጨመሩልኝ። ከወሩ ውስጥ የምጠብቃት ቀን ያቺ ብቻ ነበረች።

የመጀመሪያው ውጤት ሲመጣ የእትዬ ክትክታዎች ከወንዙ ማዶ ካሉት ጋር አንድ ሆነው ተገኙ። ንጹሕ። ገና ነው፣ ይደገማል ብዬ ስነግራቸው የሰሙት «ንጹሕ» የምትለዋን ብቻ ነው። «አልሐምዱሊላህ! ረታሁ!» ብለው እልል አሉ። እልልታቸውን የሚቀበል ሰው በሜዳው ላይ አልነበረም፤ እኔ ተቀበልኳቸው፣ ባልለመደ ጉሮሮ።

ክፍሌ ገብቼ ውጤቱን ደጋግሜ ሳየው ግን አልዋጥልኝ አለ። ከእትዬ ቤት በላይ ያሉት ክትክታዎች ጨረራቸው ከፍ ብሏል። ከቤታቸው በታች ያሉትም ከፍ ብለዋል። ዝቅ ያሉት መሃል ላይ ያሉት የሳቸው ብቻ ናቸው። ንፋስ ደግሞ ቤት እያየ አይዘልም። ከረጢት ተቀያይሮብኝ ይሆን ብዬ አዲስ አበባ ደወልኩ። አልተቀያየረም።

በሚቀጥለው ጊዜ ሙቀቱ ሳይበረታ ልጨርስ ብዬ ጎህ ሲቀድ ሄድኩ። እትዬ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ክትክታው ሥር ቁጢጥ ብለዋል። አጠገባቸው ቢጫ ጀሪካን አለ። በእርጥብ ጨርቅ ቅጠሉን አንድ በአንድ፣ ላዩንም ታቹንም፣ የሕፃን ፊት እንደሚጠርግ ሰው ይጠርጋሉ። ሁለተኛው ክትክታ ታጥቦ አልቆ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል።

«እትዬ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«ውዱእ እያስደረግኋቸው» አሉኝ፣ ዘወርም ሳይሉ። «እኔ እንኳ ለሶላት የምቆመው ታጥቤ ነው። እነዚህ ዳኛ ፊት ሊቀርቡ እንዲህ በአመድ ተለውሰው? ምስክር እንዲህ አይላክም ልጄ። ምስክር ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ ይሄዳል። አባቴ ለምስክሩ ጋቢውን አውልቆ ያለብስ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያጥቧቸው?»

«ካሰርሻቸው ጀምሮ ነዋ። አጠጣቸዋለሁም።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ልቆጣ ነበር፤ መቆጣት ደግሞ ይሆንልኛል። የስንት ጊዜ ልፋት በአንድ ጀሪካን ውሃ ታጥቦ ሄዷል። ነገር ግን ውሃው ከየት እንደሚመጣ ትዝ አለኝ። ቦኖው ያለው አስፋልቱ ዳር ነው፤ እትዬ ጀሪካኑን በጀርባቸው አዝለው ነው የሚያመጡት። ማንም አያጠጣቸውም፣ ማንም አቧራቸውን አያራግፍላቸውም ያልኳቸው ቁጥቋጦዎች ጎህ ሲቀድ የሚነሳላቸው ሰው ነበራቸው። እውነቱን ልናገር፣ በቁጥቋጦ ቀናሁ።

ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። የምፈልገው ንጽሕናቸውን ሳይሆን የተሸከሙትን መሆኑን፣ ታጥበው የሚሰጡት ቃል የጀሪካኑ እንጂ የአመዱ አለመሆኑን። ሙግት አዋቂ ናቸውና ገባቸው።

«በሐሰት አስመስክሬያለሁ በዪኛ።»

«ሳያውቁ ነው።»

«እንደ ቆሸሹ ይቅረቡ?»

«እንደ ቆሸሹ።»

ጨርቁን ጨምቀው ጀሪካኑ ላይ አሰጡት። ከዚያ በኋላ አላጠቧቸውም፤ ይህን ለማወቅ መሰለል አላስፈለገኝም። በክትክታዎቹ አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ፊታቸውን ወደ ሌላ ያዞሩ ነበር። የበጋው ንፋስ ገባ። ቅጠሎቹ ግራጫ ሆኑ። ስቆርጥ መቀሴ ላይ አመድ ይቀራል፣ እትዬ በራቸው ላይ ቆመው ያያሉ፣ እኔ ቀና ብዬ አላያቸውም። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ንጹሕ እንዲሆን ተመኘሁ። የኔ ሥራ ያለው ሰው እንዲህ ያለ ነገር መመኘት የለበትም፤ እኔ ግን አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ቬንትሌተሩን እያየሁ ተመኘሁ።

መጣ። የእትዬ ክትክታዎች ከላይና ከታች ካሉት ጋር እኩል ከፍ ብለዋል። ዛሬ ነገ የሚገድል አይደለም፤ ግን እዚያ አቧራ ውስጥ ዓመታትን መኖር አይመከርም። ክምሩ አፈር እስኪለብስ ድረስ በመስመሩ ውስጥ ሰው እንዳይኖር ተወሰነ። ሌላ ሰው ከሚነግራቸው ብዬ እኔ ሄድኩ።

ከመደባቸው ተነስተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እንደ ችሎት ቆመው ሰሙኝ።

«መሰከሩብኝ?»

«መሰከሩ እትዬ።»

«እውነት ነው የተናገሩት?»

«እውነት ነው።»

«ይግባኝ የለውም?»

«የለውም። ግን ክምሩ እስኪለብስ ነው።»

«መቼ ይለብሳል?»

አላውቅም ነበር። አሁንም አላውቅም።

ተቀመጡ። ስለሚሰጣቸው ቤት አንድም ነገር አልጠየቁኝም። «ልጄ ሲመጣ ማን ይነግረዋል?» ብቻ አሉ። በየወሩ ቅጠል ለመቁረጥ መምጣቴ እንደማይቀር፣ በራቸው ላይ ቁጭ ብዬ እንደምቆይ፣ ከመጣ ይዤው እንደምመጣ ቃል ገባሁላቸው። እንግዲያው እወቂው ብለው መልኩን አስጠኑኝ። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። ሲራመድ ግራ ትከሻው ዝቅ ይላል። ሰላም ሲል ያፍራል፣ መሬት መሬት ያያል። ስሙን በትክክል እስክጠራው ድረስ ደጋግመው አስባሉኝ።

ቤቱ ሲለቀቅ ጣሪያው እንዲነቀል አልፈቀዱም። በሩንም አልቆለፉም። «ደክሞት ከመጣ ይረፍበት» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ እንደ ድሮው ሆነ፤ ክምር፣ ንፋስ፣ መቀስ፣ ከረጢት። መጨረሻ ላይ የእትዬ ባዶ በር። ደፉ ላይ ቁጭ ብዬ ውሃዬን እጠጣለሁ፣ መንገዱን አያለሁ። ሰው ብቅ ሲል መጀመሪያ የማየው ትከሻውን ነው። አንድ ቀን ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ ሰው ከሩቅ ሲመጣ አይቼ ከረጢቶቼን በትኜ ሮጥኩ። ሰውየው ከጀውሃ የገዛውን የዱቄት ጆንያ በዚያ ትከሻው ተሸክሞ ኖሯል። እያለከለክሁ ፊቱ ስቆም ደንግጦ «ምን ሆነሻል?» አለኝ። «ምንም» አልኩት፣ ዞሬም ከረጢቶቼን ለቀምኩ። «እናትህ አሉ፣ ደህና ናቸው፣ ና ላሳይህ» የሚለውን ቃል በመንገድ ስሄድ እለማመደው ነበር። ብቻዋን የምታወራ ቅጠል ለቃሚ የሚል ስም ወጥቶልኝ ቢሆን አይገርመኝም።

ከዚያ ወደ አስፋልቱ ወጥቼ የእትዬን አዲስ ቤት አንኳኳለሁ። ከሰላምታ በፊት «ሰው ነበር?» ይሉኛል። «ማንም አልነበረም» እላለሁ። ማሾው ይቀርባል። እዚያ ጎረቤት ሞልቷል፣ የመኪና ጩኸት ሞልቷል፤ እትዬ ግን በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ከበፊቱ ይልቅ ብቻቸውን ሆነዋል። ስለ ሙግት ማውራት ትተዋል። የሚጠብቁት እኔን አለመሆኑ ያመኝ ነበር። ሰው በዚህ ዕድሜው እንዲህ ያለ ነገር ያመዋል ወይ? ያመዋል።

ባለፈው በጋ ንፋሱ ቀንና ሌሊት ሳይለቅ የሰነበተበት ወር ነበር። የላይኞቹ ክትክታዎች አመድ ለብሰው ቀይ ጨርቃቸው እንኳ አይለይም። እየቆረጥኩ ወርጄ የእትዬ በር ጋ ስደርስ ቆምኩ። ሁለቱ ክትክታዎች አረንጓዴ ናቸው። ቅጠላቸው ያብረቀርቃል፣ ሥራቸው ያለው አፈር ርሶ ጠቁሯል፣ አንዱ ቅርንጫፍ ላይ እርጥብ ጨርቅ ተሰጥቷል። ይግባኛቸው ይኼ ነበር። በዚያ ጉልበት፣ ከአስፋልቱ ድረስ፣ ጀሪካን አዝለው። ሥራዬን እንዳበላሹብኝ ትዝ ያለኝ ከብዙ ቀን በኋላ ነው።

በሩ ገርበብ ብሏል። የጫማዬ ድምፅ ጠጠሩ ላይ ሲሰማ ውስጥ አንድ ዕቃ ወደቀ፤ ጣሳ መሰለኝ።

«መጣህ?» አሉ ከውስጥ። «ልጄ፣ መጣህ?»

በዚህ ዕድሜዬ የትኛውም በር ላይ ስደርስ እንደዚያ ባለ ድምፅ ተጠርቼ አላውቅም። ያኔም የተጠራሁት እኔ አልነበርኩም። ለልጁ ያጠናሁት ቃል ሁሉ አፌ ላይ ነበር፤ ለእናቱ የምለው ግን አንድም አልነበረኝም። ዝም ካልኩ ትንሽ ይቆይላቸዋል ብዬ ቆምኩ። ንፋሱ አመዱን በእኔና በበሩ መሃል ይነዳዋል።

«እኔ ነኝ እትዬ» አልኩ በመጨረሻ።

ጣሳው ሲነሳ ሰማሁ። ከዚያ በሩ ተከፈተና እትዬ ብቅ አሉ። መጀመሪያ ከኋላዬ ያለውን መንገድ አዩ፣ እስከ መታጠፊያው ድረስ አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«አንቺ ነሽ» አሉ። ቀረብ ብለው «አመዱ ጨረሰሽኮ» አሉኝ።

ቅርንጫፉ ላይ የተሰጣውን እርጥብ ጨርቅ አነሱ። አገጬን በአንድ እጃቸው ያዙና ግንባሬን ጠረጉ፣ ከዚያ ጉንጮቼን፣ ከዚያ የጆሮዬን ኋላ። እንደ ልጅ ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩላቸው። ሲጨርሱ ጨርቁን አጥበው መልሰው ሰቀሉት፣ እኔም ከረጢቶቼን ደፉ ላይ አስቀመጥኩ። ገብተን ተቀመጥን። በሩን አልዘጋነውም።